አሮጌዋ ላዳዬ ለቅድመ ክፍያ ትቆጠርልኝ

ለተከበሩ የትራንስፖርትና የታክስ ጉዳይ ለሚመለከታቸው የመንግሥት ኃላፊ

አመልካች፦ በአዲስ አበባ ከተማ የላዳ ታክሲ ባለንብረትና ሹፌር

ጉዳዩ፦ አሮጌ ታክሲያችንን አስረክበን የኤሌክትሪክ መኪና የምንወስድበት መንገድ እንዲመቻችልን ስለመለመን

ክቡርነትዎ፣

እኔ አመልካች በዚህች ከተማ 27 ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። መጀመሪያ የሰው መኪና ላይ ተቀጥሬ ሠራሁ። ኋላም የዕቁብ ብርና የባለቤቴን ወርቅ ሽያጭ አንድ ላይ አድርጌ ይህችን ሰማያዊና ነጭ ላዳ ገዛሁ። ሦስት ልጆች አሳድጌባታለሁ፤ ጡረታ የለኝም፣ ጡረታዬ እሷ ናት።

እውነቱን ሳልደብቅ ልናገር፤ መኪናዋ አርጅታለች። የሽሮ ሜዳን ዳገት ስትወጣ ታጨሳለች። ወለሏ በዝገት ተበልቶ ሁለት ጊዜ በላሜራ አስበይጄዋለሁ። መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ስዞር ውዬ የማገኘው ከሌላ ላዳ ላይ የተፈታ ዕቃ ነው። በ2017 ዓ.ም. ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር ካለፈ ወዲህ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሠርቼ ማታ የሚተርፈኝን ስቆጥር ሆዴ ይባባል። ሕፃን የታቀፈች እናት ሽታው አስሏት መስኮት ስታወርድ ባየሁ ቁጥር አፍራለሁ። ስለዚህ አቤቱታዬ ‘አሮጌ መኪና አይነካብኝ’ የሚል አይደለም። እንዲቀየርልኝ የምፈልገው ከማንም በፊት እኔ ነኝ።

መንግሥት በኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በቆዩ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ሲጥል ዓላማው ገብቶኛል። በ2014 የኤሌክትሪክ መኪና ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ ሆኖ፣ ተገጣጥሞ ያለቀለት 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ እንዲከፍል ሲወሰንም ደስ ብሎኛል። በ2016 በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 የሕዳሴው ግድብ ሲመረቅ፣ በውጭ ምንዛሪ በሚመጣ ቤንዚን ፈንታ በራሳችን ውኃ መብራት የምነዳበት ቀን ቀረበ ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

ነገር ግን ክቡርነትዎ ልብ እንዲሉልኝ የምለምነው፣ ይህ ሁሉ ማበረታቻ የደረሰው ገንዘብ ላለው ሰው መሆኑን ነው። ገበያ መውጣት ላልቻለ ሰው ዋጋ ቢቀንስ ምን ይረባዋል? ከንጋት እስከ ምሽት ከተማው ውስጥ እየተመላለስን የምናጨሰው እኛ ሆነን ሳለ፣ ማበረታቻው በእኛ ደጅ አላለፈም።

አምና ብድር ልጠይቅ ወደ አንድ ባንክ ሄጄ ነበር። ቤት በዋስትና አቅርብ ተባልኩ። የምኖረው በቀበሌ ቤት ነው። ላዳዬን ላስይዝ ብል ዕድሜዋ አልፏል ብለው መለሱኝ። ይህ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። በየዓመቱ ምርመራ አሳልፌ ቦሎ ስለጥፍ፣ ግብር ስከፍልባት ንብረት ናት፤ ለብድር ሳቀርባት ግን ቁርጥራጭ ብረት ሆነች።

የምለምነው ነገር ያልተሞከረ አይደለም። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2009 ካይሮ አሮጌ ጥቁርና ነጭ ታክሲዎቿን መቀየር ጀምራ ነበር። ከ20 ዓመት በላይ ያገለገለ ታክሲ ፈቃዱ እንዳይታደስ ሕግ ቢወጣም፣ ባለንብረቱን ሜዳ ላይ አልጣሉትም። አሮጌውን ሲያስረክብ 5,000 የግብፅ ፓውንድ ታሰበለት፤ አዲሱን በባንክ ብድር ወሰደ፤ መኪናው ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያ ገቢ ወርኃዊ ክፍያውን አገዘው። በዚያው ዓመት ጀርመን ቢያንስ 9 ዓመት የሆነውን መኪና አስወግዶ አዲስ ለሚገዛ 2,500 ዩሮ፣ አሜሪካ ደግሞ ከ3,500 እስከ 4,500 ዶላር ሰጥተዋል። እኔ የጀርመንን ገንዘብ አልጠይቅም። አሮጌዋ ዋጋ ይውጣላትና ከአዲሱ ቅድመ ክፍያ ላይ ይታሰብልኝ፤ ለቀሪው ብድር ዋስትናው ራሱ አዲሱ መኪና ይሁን፤ ክፍያውንም ከዕለት ገቢዬ እቆርጣለሁ ነው የምለው። የተረከባችሁት መኪናም ተቆራርጦ ይቅለጥ እንጂ በጓሮ ተሸጦ ተመልሶ መንገድ ላይ እንዳይወጣ።

ቻርጅ ማድረጊያውም ያስጨንቀኛል። በግቢያችን 11 አባወራ በአንድ ቆጣሪ ነው የምንጠቀመው፤ ሁለት ምጣድ አንድ ላይ ከተጣደ መብራቱ ይጠፋል። እዚያ መኪና ልሰካ አልችልም። በታክሲ ተራዎች አካባቢ ከፍለን የምንጠቀምበት ቦታ ቢዘጋጅልን ወረፋ ይዘን እናድር ነበር።

ይህ ሳይመቻች ግን ላዳ ከመንገድ ይውጣ የሚል ውሳኔ እንዳይመጣብን በትሕትና፣ ሆኖም አጥብቄ አሳስባለሁ። መውጫው ሳይሠራ በሩ ቢዘጋብን፣ በስተርጅና ሌላ ሙያ ልማር ብል ማን ይቀጥረኛል? ከእኔ ጋር ተራ የሚጠብቁት አብዛኞቹ በእኔ ዕድሜ ያሉ ናቸው።

የሊብሬዬንና የመንጃ ፈቃዴን ቅጂ አያይዣለሁ። ለሙከራ የምትረከቡት አንድ መኪና ከተፈለገ የእኔ ትሁን። ቀኑ ይነገረኝ እንጂ ቁልፏን ይዤ እቀርባለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
አመልካች