የአባት ሸክላ ከነሽፋኑ ይቀመጥ

ከደሃና ወረዳ፣ ከአምደወርቅ ከተማ አንዲት እናት ለዚህ ዓምድ ጥያቄ አቅርበውልናል። አባታቸው መምህር ነበሩ፤ ሲያርፉ ከመጻሕፍታቸው ጋር ጥቂት የሙዚቃ ሸክላዎች ትተዋል። ሸክላዎቹ ደህና ናቸው። የወረቀት ሽፋኖቻቸው ግን ጠርዛቸው ተቀዷል፤ አንዳንዱንም አይጥ ቆርጥሞታል። እህታቸው «ወረቀቱ ይጣል፣ ሸክላው ይበቃል» ይላሉ። በአንዱ ሽፋን ጀርባ ላይ ግን አባታቸው የእኚህን እናት የልደት ቀን በእጃቸው ጽፈውበታልና ለመጣል አልጨከኑም። «በፕላስተር ልለጥፈው ወይ?» ሲሉ ጠይቀዋል።

መልሳችን አይጣልም፣ በፕላስተርም አይለጠፍም የሚል ነው።

ሸክላው ድምፁን ይይዛል፤ ሽፋኑ ደግሞ ብዙ ጊዜ የዘፋኙንና የአሳታሚውን ስም፣ አልፎ አልፎም ፎቶግራፍ ይዞ ይገኛል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1969 አምኃ እሸቴ የራሳቸውን የሸክላ አሳታሚ ድርጅት ከመሠረቱ ወዲህ የዓለማየሁ እሸቴ፣ የማሕሙድ አህመድ፣ የብዙነሽ በቀለና የሌሎችም ዘፈኖች በሸክላ እየወጡ በየቤቱ ገብተዋል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ ግን ካሴት የሸክላን ቦታ ወሰደ። ዘፈን እንደገና ሊታተም ይችላል፤ በ1975 የወጣው የማሕሙድ «ኧረ መላ መላ» በ1986 ቤልጂግ አገር ባለ ኩባንያ ታትሞ ለውጭ አድማጭ ደርሷል። አባት የጻፉበት ሽፋን ግን ሁለተኛ አይታተምም።

ስለዚህ የሚከተለውን ማድረግ ይጠቅማል።

በመጀመሪያ እጅን ታጥቦ በደንብ ማድረቅ ነው። አቧራውን በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ከመሐል ወደ ጠርዝ በቀስታ ማራገፍ ይገባል። እርጥብ ጨርቅ ቀለሙን ያነሣዋል፤ ወረቀቱንም ያሳብጠዋል።

ፕላስተር ለጊዜው የያዘ ይመስላል። ከዓመታት በኋላ ግን ሙጫው ይቢጫል፣ ወደ ወረቀቱም ይሰርጋል፤ ሲነቀል ጽሑፉን ይዞ ይነሣል። የዱቄት ሙጫም አይጥና ነፍሳት ይጠራል። የተቀደደውን ቁራጭ ሳይለጥፉ ከሽፋኑ ጋር በንጹሕ ነጭ ወረቀት አጥፎ ማስቀመጥ ይሻላል።

ሽፋኑ በጣም ከደከመ ሸክላውን አውጥቶ በሌላ ንጹሕ የወረቀት ከረጢት ውስጥ መክተትና ሁለቱን ጎን ለጎን ማኖር ነው። ሸክላውን ባወጡና ባስገቡ ቁጥር ቀዳዳው ይሰፋልና።

ሸክላ እንደ እንጀራ አይደራረብም። ሲደራረብ ክብደቱ የታችኛው ሽፋን ላይ ክብ ምልክት ያወጣበታል። እንደ መጽሐፍ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ አይዘንበል፣ አይጨናነቅም።

ቦታውም ይታሰብበት። ከምድጃ ጢስ፣ ከፀሐይና በክረምት ከሚረጥብ ግድግዳ ይራቅ። ከመሬት ከፍ ብሎ አይጥ በማይገባበት ክዳን ባለው ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ። ፀሐይ የሽፋኑን ቀለም ያደበዝዛል፤ ሙቀትም ሸክላውን ያጎብጠዋል። ዝናብ ካገኘው ሸክላውን አውጥቶ ሽፋኑን ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ማድረቅ እንጂ ፀሐይ ላይ ማስጣት ወይም በካውያ መተኮስ አይገባም።

በመጨረሻም የሽፋኑን ፊትና ጀርባ በስልክ ፎቶግራፍ አንሥቶ ለእህት ወንድም ማካፈል ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ብዙ የዋግ ኽምራ ቤተሰቦች ቤታቸውን ጥለው መሄዳቸው ይታወሳል። በአንድ ቤት ብቻ ያለ ነገር በአንድ ቀን ይጠፋል፤ በሦስት ቤት ያለ ግን አንዱ ጋ ይተርፋል።

አባቶቻችን የብራና መጽሐፍ ሲያስጽፉ የቆዳ ማኅደር ያሠሩለት ነበር። መጽሐፉ ለልጅ ልጅ የደረሰው በማኅደሩ ምክንያት ጭምር ነው። የሸክላው ሽፋንም ማኅደሩ ነው። እህትየውም ያንን የእጅ ጽሑፍ አንድ ጊዜ ቀረብ ብለው ቢያነቡት «ይጣል» ማለታቸውን የሚተዉ ይመስለናል።