ጎማችን ላይ የተጻፈውን ማን ያንብብልን?

«የምኖረው ቃሊቲ ነው» ስል ሰው ሁሉ ደንገጥ ይላል። «መቼ ተፈታህ?» ብሎ የሚቀልድብኝም አለ። ጎበዝ! ቃሊቲ ወህኒ ቤት ብቻ አይደለም። ቃሊቲ ጉምሩክ ነው፣ የብረታ ብረት ፋብሪካ ነው፣ የከባድ መኪና ሠልፍ ነው፣ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ነው። ከሁሉም በላይ ግን ቃሊቲ የጎማ አገር ነው። ከሳሪስ አቦ ወደ አቃቂ ሲወርዱ በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ የተደረደረውን ጎሚስታ፣ አዲሱን ከአሮጌው ቀላቅሎ የቆለለውን ጎማ ሻጭ ማየት ነው። እኔም ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለ ጎማ ነው። «አገር እንዲህ በሆነችበት ሰዓት ስለ ጎማ?» የሚለኝ አይጠፋም። ትንሽ ይታገሠኝ። አገርም ቢሆን የሚበላው በጎማ ተጭኖ ነው የሚመጣለት።

አንዲት ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ፒክ አፕ አለችኝ። ሁለት ሥርዓት ያየች፣ ሦስት ጊዜ ሞተሯ የወረደ አሮጊት ነች። ግን የቤቴ እንጀራ እሷ ነች። የሚነዳት የእህቴ ልጅ ነው፤ የሁለት ልጆች አባት። ከቃሊቲ የብረት በርና መስኮት ጭኖ ሞጆና አዳማ ያደርሳል። በ2017 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ የኋላዎቹ ሁለት ጎማዎች ጥርሳቸው አልቆ ራሰ በራ ሆኑ። ዝናቡ ደግሞ የሐምሌ ዝናብ ነው። «ጋሼ፣ በዚህ ጎማ ከእንግዲህ አልወጣም» አለኝ ልጁ። እውነቱን ነው። ኪሴን ዳብሼ ወጣሁ።

አንዱ ሻጭ ዘንድ ቆምኩ።

«ስንት ቁጥር ነው ጋሼ?»

«205፣ 16» አልኩት። ከአሮጌው ጎማ ላይ ያየሁት ይህንኑ ነበር።

«አለ! ይኸው 205፣ ይኸው 16። ቸርኬው ላይ ቁጭ ነው የሚለው።»

«አዲስ ነው?»

ጎማውን አገላብጦ በጎኑ ላይ አራት ቁጥር አሳየኝ። 1217 ይላል። «ይኸው 17! የዘንድሮ ነው እኮ ጋሼ!» አለኝ። ጎማው ላይ ያለችው የላስቲክ ፀጉር እንኳ አልረገፈችም። ዋጋው ደግሞ ከጎረቤቱ ሱቅ በብዙ ይቀንሳል። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? ከፈልኩ፤ አስገጠምኩ። መኪናዋ ከኋላዋ ዝቅ ያለች መሰለኝ። «ጎማው አዲስ ስለሆነ ነው» አሉኝ። አመንኩ። እኛ የማናምነው ምን አለ?

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ልጁ 10 ኩንታል ያህል ብረት ጭኖ ቱሉ ዲምቱ ላይ ወደ ፈጣኑ መንገድ ገባ። ቢሾፍቱን አለፍ እንዳለ የኋላው የግራ ጎማ እንደ ቦምብ ፈነዳ። መኪናዋ ዞራ የመንገዱን ዳር ብረት መታች። ልጁ ክንዱ ተሰበረ፤ ረዳቱ ጭረት ብቻ አገኘው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከኋላ የሚመጣ መኪና አልነበረም። ቢኖር ኖሮ እኔ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። ለእህቴ ምን ብዬ እንደምነግራት አስባለሁ።

የተቀደደውን ጎማ ይዤ ሠፈራችን ወዳሉ አንድ ሽማግሌ ጎሚስታ ሄድኩ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ጎማ ሲፈቱ የኖሩ ናቸው። አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህን የቤት መኪና ጎማ ማን ነው ሃይሉክስ ላይ የሰቀለብህ?» አሉኝ። ከዚያ እጄን ይዘው የሹፌሩን በር ከፈቱና በበሩ ምሰሶ ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት አስነበቡኝ። ይህን ያህል ዓመት ያቺን በር ስከፍትና ስዘጋ አንድ ቀን አንብቤያት አላውቅም።

ወረቀቷ 205R16C ትላለች። 205 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። R ጎማው ራዲያል ነው ማለት ነው። 16 የቸርኬው ልክ በኢንች ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው C ደግሞ «የጭነት ነኝ» ትላለች። በስፋቱና በ R መካከል ሌላ ቁጥር ከሌለ የጎማው የጎን ከፍታ ከስፋቱ 80 በመቶ ገደማ ነው። እኔ የገዛሁት ግን 205/60R16 ነው። ያቺ 60 ናት ጉዱን ያመጣችው። ከፍታው ከስፋቱ 60 በመቶ ብቻ ነው ማለቷ ነው። ስለዚህ ጎማው ከላይ እስከ ታች ሲለካ 65 ሳንቲ ሜትር ሆነ፤ ትክክለኛው ግን 73 ተኩል ገደማ ነው። 205ም ልክ ነው፤ 16ም ልክ ነው፤ ጎማው ግን ልክ አይደለም። ሻጩ አልዋሸም ልበል? ግማሽ እውነት ከሙሉ ውሸት ይብሳል ማለት ይኼኔ ነው። የፍጥነት ቆጣሪውም በኋላ ጎማ ነውና የሚሠራው፣ 90 ሲል መኪናዋ የምትሄደው 80 ገደማ ነበር።

የባሰው ግን ገና ነው። ከልኩ ቀጥሎ ትንሽ ቁጥር አለች። በእኔ ሃይሉክስ ትክክለኛ ጎማ ላይ 110/108 ትላለች። 110 ማለት አንዱ ጎማ ለብቻው 1,060 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። የገዛሁት ጎማ ግን 92 ይላል። 92 ማለት 630 ኪሎ ነው። ልብ በሉ! ከእያንዳንዱ ጎማ 4 ኩንታል ከ30 ኪሎ ጎደለ ማለት ነው። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች 21 ኩንታል መሸከም ሲገባቸው አቅማቸው 12 ኩንታል ተኩል ብቻ ሆነ። በዚያ ላይ ከኋላ የሚያርፈው የመኪናዋ የራሷ ክብደት አለ፣ ብረቱ አለ፣ የመንገዱ ሙቀት አለ። ታዲያ ምን ያድርግ? ፈነዳ። እኔም ብሆን እፈነዳለሁ።

«የዘንድሮ ነው» የተባለውስ? 1217 ማለት 12ኛው ሳምንት፣ 2017 ነው። ግን በማን አቆጣጠር? በፈረንጅ! ጎማው የተሠራው በእኛ በ2009 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ነው። እኔ ስገዛው 8 ዓመት አልፎታል። የት መጋዘን፣ የትኛው ፀሐይ ላይ ተቆልሎ እንደኖረ እሱ ፈጣሪ ይወቅ። ላስቲክ ሳይነዳም ያረጃል። የታወቁ አምራቾች ጎማ 5 ዓመት ካለፈው በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ ቢበዛ ደግሞ በ10 ዓመቱ ጥርስ ቢኖረውም እንዲጣል ይመክራሉ። እኛ ጋ ግን የዘመን አቆጣጠራችን ልዩነት ሳይቀር የንግድ ዕቃ ሆኗል። 13 ወር ፀሐይ ብለን ለቱሪስት የምንኮራበት አቆጣጠር ጎማ ማደሻ ሆነላችሁ!

የተገላቢጦሹም አለ። አንዳንዱ የእኛ ሰው ፒክ አፑን «ጡንቸኛ» ለማድረግ ከልኩ በላይ የገዘፈ ጎማ ይሰቅላል። መሪ ሲጠመዘዝ መከለያውን ይፍቃል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ፍሬኑን ያደክማል፣ ቆጣሪው ደግሞ ከእውነተኛው ፍጥነት ያነሰ ያሳያል። ልክ መለወጥ ክልክል ነው አላልኩም። ለምሳሌ 265/65R17 እና 265/70R16 ቁመታቸው የሚለያየው በ1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ቸርኬው ከተለወጠ አንዱ በሌላው ሊተካ ይችላል። ሽማግሌው የነገሩኝ ደንብ አጭር ነው፦ ቁመቱ ከመጀመሪያው ከ3 በመቶ በላይ አይለይ፣ የጭነት ቁጥሩ ከበሩ ወረቀት አይነስ፣ ቸርኬው ለጎማው ስፋት ይብቃ። ሁለቱም ዲፈረንሻል የሚሠራ መኪና ላይ ደግሞ የፊትና የኋላ ጎማ ልኩ ከተለያየ፣ ፎር ዊል ሲገባ ጊርቦክሱን ይጨርሰዋል። አየሩም ጎማው ሳይሞቅ፣ ጠዋት፣ በበሩ ወረቀት ልክ ይሞላ። አየር ያነሰው፣ ጭነት የበዛበትና የሞቀ ጎማ ከፈንጂ አይሻልም።

እስካሁን ጥፋቱን ሁሉ ሻጩ ላይ የከመርኩ መሰለኝ። አይደለም። አንድ ነገር ልናዘዝ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ቦሎ ለማውጣት ስሄድ የእኔ ጎማ እንደማያልፍ አውቅ ነበር። ምን አደረግሁ? የጎረቤቴን አራት ጎማ ተውሼ አስገጠምኩ፤ ተመረመርኩ፤ አለፍኩ፤ በነጋታው ፈትቼ መለስኩ። እኔ በወዳጅነት ተዋስኩ እንጂ ሌላው በኪራይ ነው የሚያገኘው። የእሳት ማጥፊያውም፣ ትርፍ ጎማውም እንዲሁ። ይህን ሠፈሩ ያውቃል፣ ሹፌሩ ያውቃል። የማያውቅ ቢኖር የማያውቅ መምሰል ያለበት ብቻ ነው። በዓመት አንድ ቀን ደህና ጎማ እናያለን፤ 364ቱን ቀን ግን ወረቀት እየነዳን እንኖራለን። መስታወቱ ላይ የተለጠፈችው ቦሎ ፈጣኑ መንገድ ላይ ለልጁ ምን አደረገችለት?

ለመሆኑ ሰው ለምን የከፋ ጎማ ይገዛል? ዕብድ ስለሆነ ነው? አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሩ በገበያ ዋጋ ይመንዘር ተባለ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ጎማ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው። የጎማው ዋጋ ዶላሩን ተከትሎ ሲሮጥ የደሞዝተኛውና የጫኙ ገቢ ቆሞ ቀረ። በዚያው ዓመት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ተከለከለ። ይሁን፣ ለአየሩ ጥሩ ነው ተባልን። ግን ያለችን አሮጊት መኪና ዕድሜዋ ይረዝማል ማለት ነው። ዕድሜዋ ከረዘመ ጎማ ትፈልጋለች። ይህን የሚያሰላ ባለሥልጣን የለም እንዴ? እነሱማ ጎማቸውን በጨረታ የሚገዛላቸው መሥሪያ ቤት አለ። የሚያስገርመው ደግሞ ይህች አገር ጎማ መሥራት የጀመረችው በንጉሡ ዘመን ነው። አዲስ ጎማ ተባለ፣ በ1990ዎቹ የስሎቫክ ኩባንያ ገብቶ ማታዶር አዲስ ጎማ ተባለ፣ ኋላም ሆራይዘን አዲስ ጎማ። ስም ከመለዋወጥ አላነስንም። ጎማው ግን ዛሬም በዶላር ነው የሚመጣልን።

«የድህነት ነገር ነው፣ ምን ይደረግ?» የሚል ካለ አንድ ታሪክ ልንገረው። በእንግሊዝ አገር በፈረንጆች መስከረም 2012 ወጣቶችን ከሙዚቃ ድግስ የሚመልስ አውቶቡስ የፊት ጎማው ፈንድቶ ዛፍ መታ። ሦስት ሰው ሞተ። ጎማው ሲመረመር ከ19 ዓመት በላይ ሆኖት ተገኘ። ከሟቾቹ አንዱ የ18 ዓመት ልጅ ነበር። ጎማው ከልጁ ይበልጣል! እናቱ አልቅሳ አልቀረችም። ዓመታት ሙሉ ምክር ቤት ደጅ ጠናች፣ ጮኸች፣ ሰው አስተባበረች። በመጨረሻ ከየካቲት 2021 ጀምሮ ከ10 ዓመት በላይ የሆነው ጎማ በከባድ መኪናና በአውቶቡስ የፊት እግር ላይ እንዳይሠራ ሕግ ወጣ። ድሃም ሀብታምም አገር ላይ ጎማ የሚፈነዳው እኩል ነው። ልዩነቱ እዚያ እናት ስትጮህ የሚሰማ መኖሩ ነው።

እኛስ? እኔ ብዙ አልጠይቅም። አንደኛ፣ ቦሎ የሚሰጠው መርማሪ የአራቱን ጎማ ልክ፣ የጭነት ቁጥርና የተሠራበትን ሳምንት ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። ያን ጊዜ ትራፊኩ መንገድ ላይ ሲያስቆመኝ ወረቀቴንና ጎማዬን ያስተያያል፤ የተዋስኩት ይታወቃል። ይህ ዶላር አይጠይቅም፤ እስክሪብቶ ነው የሚጠይቀው። ሁለተኛ፣ ሻጭ እነዚሁኑ ሦስት ነገሮች ደረሰኝ ላይ ይጻፍ፤ ዓመቱንም «በፈረንጅ» ብሎ ይግለጽ። ሦስተኛ፣ ጎማ የቅንጦት ዕቃ አይደለምና ቀረጡን የሚቆርጡት ሰዎች የልጆች አባት የሚሳፈርበት መሆኑን ያስቡ።

እስከዚያው ድረስ ግን ወንድሜ፣ እህቴ፣ ነገ ጎማ ልትገዙ ስትወጡ በመጀመሪያ የሹፌሩን በር ክፈቱ። እዚያ የተጻፈውን በወረቀት ገልብጡ። ሻጩ «ቁጭ ይላል» ቢላችሁ «መቀመጡን አይደለም፣ መሸከሙን ንገረኝ» በሉት። አራቱን ቁጥር ራሳችሁ አንብቡ። እኔ ሳላነብ ቀርቼ የእህቴ ልጅ ክንድ ከፈለልኝ። እሱም «ተወው ጋሼ፣ የአንተ ጥፋት አይደለም» ይለኛል። ግማሹ የእኔ ነው። ግማሹን የሚቀበል ግን እስካሁን አላገኘሁም።

ቸር ይግጠመን!

(ከአቃቂ ቃሊቲ)