እጅ መንሣትና ጊታር

አንዳንድ ጓደኞቼ፥ «የገጠር ሰው ምክር አይሰማም፤ በኮሮና ጊዜስ ማን ተጠነቀቀ?» ሲሉ እሰማለሁ። እኔ የመንዝ ልጅ ነኝና በዚህ አልስማማም።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሽታው አገራችን ገብቶ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። ከመሐል ሜዳ ወደ መንደራችን ተመልሼ በሬዲዮ የሰማሁትን «አካላዊ ርቀት» ለአያቴ አስረዳኋቸው። ሰምተው ሲያበቁ እጄን ጨብጠው ሳሙኝ። በማግስቱ፥ «አባባ፥ እንደ ጥንቱ ከሩቅ እጅ መንሣት ይበቃል» ብላቸው፥ «ይህማ የአባቶቻችን ወግ ነው!» አሉ፤ ከዚያም ጎረቤቱን ሁሉ እንዲሁ ተቀበሉ። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ የሚቃጠለው ስለ 1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ መሆኑን የነገሩኝም እርሳቸው ናቸው።

ሙዚቃም እንዲሁ ነው። በግ ስንጠብቅ በስልኬ የውጭ ሮክ ስከፍት፥ «ይህ ክራር ምን ሆኖ ይጮኻል?» ይሉ ነበር። የአገራችንን ቅኝት ከሮክ ጋር ያዋሐደውን ጃኖ ባንድን ስከፍት ግን ዝም ብለው አዳመጡ። «ጃኖማ የመኳንንት ልብስ ነበር» ብለው በስሙም ተደሰቱ።

ሁሉ ቀላል ነበር አልልም። ከልቅሶ ቤት የሚያስቀራቸው ቃል አጥቼ፥ እያየሁ ሄዱ።

ሆኖም ሕዝባችን አዲስ ነገር አይጠላም፤ በማያውቀው ቋንቋ መታዘዝን ነው የሚጠላው። ነገ ሐኪምና መምህር ሆነን ወደ መንዝ፥ ወደ ግሼና ወደ መርሐቤቴ የምንሄድ ጓደኞቼ ሆይ፥ ከማስተማራችን በፊት በቤቱ ያለውን ወግ እንጠይቅ።