ቃሉን የዋጠው ኢኮ

ባለፈው ጥር የዘመድ ሠርግ ላይ ነበርኩ። ማሲንቆ የያዘው አዝማሪ ወደ ሙሽራዋ አጎት ዞረና፣ የእሳቸው ስጦታ «ገና ነው» ብሎ ስንኙን ዘጋ። ቃሉ ላልቶ ሲነገር ስጦታው አልደረሰም ማለት ነው። ጠብቆ ሲነገር ግን ለገና በዓል ይመጣል ማለት ነው። ገና ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ የሚቀጥለው እስኪመጣ አሥራ አንድ ወር ይጠበቃል። የአጎትየውን ልብ ሳያስቀይም እጃቸውን እንዲዘረጉ የሚጎነትል፣ አንዲት «ና» ላይ የተንጠለጠለ ጥበብ ነበር።

አዳራሹ ውስጥ የሳቀ ሰው አልነበረም። ከስፒከሩ የወጣው «ገናናና ነው ነው ነው» የሚል ጩኸት ነበር። አዝማሪው እግር ሥር የምትበራዋ ትንሽ ሳጥን ቃሉን ሦስቴ አራቴ ደጋግማ፣ ጠበቀ ላላ የሚባል ነገር እንዳይቀር አድርጋዋለች። በኋላ ማይኩን ትቶ ወደ ጠረጴዛችን መጣ፤ ያንኑ ስንኝ በባዶ ድምፁ ደገመው። አጎትየው ከት ብለው ስቀው ግንባሩ ላይ ብር ለጠፉለት። ከኋላ የተቀመጡት እርስ በርስ «ምን አለው?» ይባባሉ ነበር።

ይህ የአንድ ሠርግ አጋጣሚ ቢሆን ኖሮ አልጽፍም ነበር። ግን በየአዳራሹ፣ በየምሽት ቤቱ፣ በየስብከቱ ድንኳን ሳይቀር «ኢኮ ጨምርልኝ» ማለት እንደ ሙያ ወግ ተቆጥሯል። ኢኮ የሌለው ድምፅ ለባዮቹ ያልለበሰ፣ ያልታጠበ ይመስላቸዋል። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው፤ በመድረክ ላይ ቃል ለሚያቀርብ አማርኛ ተናጋሪ፣ ከአፉ ጋር የተያያዘው ይህ ረጅም ኢኮ ትልቁ ጠንቁ ነው።

ስለ ሳጥኗ ፍትሐዊ ልሁን። እንደ እሷ ያለ የድምፅ ፔዳል ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛው ፕሪአምፕ የሚባለው ነው። ከማይክ የሚወጣው ኤሌክትሪክ በቮልት ሺህኛ የሚለካ ደካማ ነገር ስለሆነ፣ ሚክሰሩ እንዲሠራበት አንዳንዴ እስከ ሺህ እጥፍ ማሳደግ ያስፈልጋል። ይህን በንጽሕና የሚያደርግ፣ የማይኩን መቆሚያ ጉርምርምታ የሚቆርጥ፣ የ«ሰ»ን ፉጨት የሚያለዝብ መሣሪያ ለዘፋኝ በረከት ነው። በየአዳራሹ የተለያየ ዕቃና የተለያየ ሰው የሚያጋጥመው ሰው የራሱን ድምፅ በራሱ ሳጥን ይዞ ቢዞር ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ጠቤ ከሁለተኛው ሥራ ጋር ነው፤ ኢኮውን ከሚያመጡት ከሪቨርቡና ከዲሌዩ፣ ከድምፅ አራሚውም ጋር።

ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አይጽፍም። «ይበላል» ብለን ስንጽፍ የሚበላው ሰውና የሚበላው ምግብ አንድ ዓይነት ሆነው ወረቀቱ ላይ ይቀመጣሉ። «ይመታል» ስንል መቺውና ተመቺው በዓይን አይለዩም። ልዩነቱ የሚኖረው በተናጋሪው አፍና በሰሚው ጆሮ መካከል ብቻ ነው። በአፍ ውስጥ የሚሆነውም ይታወቃል፦ «ት» ስትጠብቅ ምላስ ጥርስ ሥር ትንሽ ትቆያለች፣ አየሩ ይታገዳል፣ በዚያች የሰከንድ ክፍልፋይ ድምፅ የለም። ትርጉሙን የሚሸከመው ያ ዝምታ ነው። «ጠ»ም «ቀ»ም «ጨ»ም ፈንድተው የሚወጡት ዙሪያቸው ጸጥ ሲልላቸው ነው። ኢኮ ደግሞ ሥራው ዝምታን መሙላት ነው። ባዶ ቦታ ያገኘ ሁሉ ያለፈውን ቃል ጭራ ይከትበታል። የሌላ ቋንቋ ዘፋኝ ድምፁን ትንሽ ቢያደበዝዝ ምናልባት ውበት ብቻ ይጎድልበት ይሆናል። እኛ ግን ማን ማንን እንደመታ ይጠፋብናል።

ሰምና ወርቅ የቆመው በዚሁ ላይ ነው። ኅብረ ቃሉ አንድ ቃል ሆኖ ሳለ ሁለት ሆኖ የሚሰማው፣ ሰሚው መጀመሪያ አንዱን ይዞ ቀጥሎ ሌላውን ሲያገኝ ነው። ለዚያ ደግሞ ቃሉ አንድ ጊዜ፣ ጥርት ብሎ፣ በቂ ጊዜ ተሰጥቶት መድረስ አለበት። ዲሌዩ 300 ሚሊ ሰከንድ ላይ ተቀምጧል እንበል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ይህ ማለት ዘፋኙ ፊት 50 ሜትር ርቆ የቆመ ግንብ ቃሉን እየመለሰ ይጮህበታል ማለት ነው። አዝማሪ ቤቱ ግን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ስድስት ሜትር ላይሞላ ይችላል። ሰዎቹ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው ተቀምጠው፣ ሜዳ ማዶ ያለ ሰው እንደሚጠራቸው ሆነው ያዳምጣሉ። በ300 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ዘፋኙ ቀጣዩን ፊደል ብሎ ጨርሷል፤ የድሮው ደርሶ አዲሱ ላይ ይወጣበታል።

የድምፅ አራሚው ነገር ይብሳል። በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣውን ኦቶቱን የፈጠሩት አንዲ ሂልደብራንድ የነዳጅ ፍለጋ የመሬት ንዝረት መረጃን በሒሳብ ሲተነትኑ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የብልህ ሰው ሥራ ነው። ዛሬ ግን የዚያ ሐሳብ ዘመድ በእግር በሚረገጡ ሳጥኖች ውስጥ ገብቶ፣ በአብዛኛው ድምፁን አቅራቢያው ወዳለ የፒያኖ ቁልፍ ይጎትታል። አንቺሆዬን በማሲንቆ የሚጫወት ሰው ጣቱ የሚያርፍበት ቦታ ሁልጊዜ የፒያኖ ቁልፍ እንዳልሆነ ያውቃል። ማሲንቆ ክፍፍል የለውም፤ አውታሩ አንድ ነው፤ ጣት እየተንሸራተተ የሚፈልገውን ያገኛል፣ ድምፅም ተከትሎት ይንሸራተታል። ሳጥኗ ያንን መንሸራተት እንደ ስሕተት ቆጥራ ደረጃ ደረጃ ታደርገዋለች። አንድ ወጣት ዘፋኝ «አሁን ቅኝቴ ተስተካከለ» ሲለኝ ሰምቼ አዝኛለሁ። የተስተካከለው ቅኝቱ አይደለም፤ በሌላ ተተካ እንጂ።

«ያለ ኢኮ ድምፄ ራቁቱን ይቀራል» የሚሉኝ አሉ። ፍርሃቱ ይገባኛል። ድምፁን ለራሱ የሚያሰማው ስፒከር፣ ሞኒተሩ፣ በደንብ የማይሰማ ከሆነ ዘፋኝ የራሱን ድምፅ አጥቶ ይጨነቃል፤ ኢኮው ቢያንስ አለሁ ይለዋል። ግን አዳራሾቻችን በሲሚንቶ፣ በሴራሚክና በመስታወት የተሠሩ ናቸው፤ ከበቂ በላይ የራሳቸው ማስተጋባት አላቸው። በዚያ ላይ ከሳጥኗ ተነክሮ የሄደውን ድምፅ ሚክሰሩ ላይ ያለው ሰው መልሶ ሊያጥበው አይችልም። የደረቀ ድምፅ ቢላክለት እንደ አዳራሹ ይጨምርለት፣ ይቀንስለት ነበር። አሁን ግን የመጣለትን ከነጭራው ከፍ ከማድረግ ሌላ የሚሠራው የለም። አጭር፣ ሞቅ የሚያደርግ ሪቨርብ ለዝግተኛ ትዝታ ሲሆን አልከራከርም፤ ቃሉ ሰፊ ቦታ ይዞ ስለሚሄድ ብዙ አይጎዳም። በጃማይካ እንደ ኪንግ ተቢ ያሉ የድምፅ ባለሙያዎች በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢኮን ራሱን መሣሪያ አድርገው ደብ የሚባል ሙዚቃ አቁመዋል። እነሱ ግን ቃሉን የቆራረጡት አውቀው፣ ለዚያው ብለው ነው። የእኛ ዘፋኝ ግን ግጥም እያቀረብኩ ነው እያለ ነው ግጥሙን የሚያጠፋው።

የራሳችን መሣሪያዎችም ድምፅ ማስዋብን አያውቁም አይባልም። በገና አሥር አውታር አለው፤ በየአውታሩ ሥር የምትገባው ትንሽ ቆዳ፣ እንዚራ፣ ያን የሚታወቅበትን ንዝረት ትሰጠዋለች። ይህ ኢፌክት ካልሆነ ምን ኢፌክት ነው? ነገር ግን ንዝረቱ አውታሩ ላይ ይቀራል። የደርዳሪው ድምፅ ዝቅ ብሎ፣ ወደ ሹክሹክታ ተጠግቶ ቃሉን አንድ በአንድ ያስቀምጣል፤ የበገና ደርዳሪውን ዓለሙ አጋን ያዳመጠ ሰው ይህን ለማወቅ ማስረጃ አይፈልግም። ጌጡ ለእንጨቱና ለጅማቱ ተሰጠ፣ ቃሉ ንጹሕ ተተወ። ይህን የሥራ ክፍፍል ያወጡት ሰዎች አማርኛን ያውቁት ነበር።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ «ተቀበል» ነው። አንዱ ከተቀመጠበት ድምፁን ከፍ አድርጎ «ተቀበል!» ይላል፤ ግጥሙን ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። ሰጪው በዚያች ደቂቃ ጆሮው ቆሞ የራሱን ስንኝ ይጠብቃል፦ ያጠበቀውን ቃል አዝማሪው አጥብቆታል? ወርቁን አግኝቶታል ወይስ ሰሙን ብቻ ይዞ ሄደ? ጎረቤቱስ ገባው? ግጥሙ የሚያልቀው እዚያ ነው፤ ሰጪው ሲሰጥ አይደለም። በቅርቡ አንድ ምሽት ቤት አንድ ሽማግሌ ስንኝ ሰጡ። እሳቸው ያለ ማይክ ነው የተናገሩት፤ እስከ በሩ ድረስ ተሰማ። ዘፋኟ ተቀብላ በፔዳሏ መለሰችው። ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው ወደኔ ዞሩና «የእኔ ነው?» አሉኝ።

የፔዳሉ ማጥፊያ እግሯ ሥር ነበር።