በሰዓት ወይስ በጀርባ?

ሙግት

ሁለቱ ጸሐፊዎች ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ በአንድ ግቢ ይኖራሉ። አንዷ ባንክ ውስጥ ገንዘብ ከፋይ ናት። ሌላዋ ጡረታ የወጡ መምህርት፣ የግቢውም ባለቤት ናቸው። እናት ሥራ ስትውል ልጇን የሚይዙላት እሳቸው ናቸው። ልጁ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆኖታል።

ሰዓት ይኑረው

ከምሽቱ አምስት ሰዓት ነው። ልጄ ወለሉ ላይ መኪናውን ይነዳል። እኔ ግድግዳ ተደግፌ አየዋለሁ። አባቱ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነስቶ ዲላ የሚነዳ ሰው ስለሆነ ትራሱን ጆሮው ላይ ደፍቶ ተኝቷል። እኔም ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መስኮቴ ጋ ተቀምጬ ብር መቁጠር አለብኝ። እንቅልፍ ያጣ ገንዘብ ከፋይ ሲሳሳት የሚጎድለው ከራሱ ደሞዝ ነው።

ጥፋቱ የልጁ አይደለም። የእትዬም አይደለም ብዬ ልጀምር፤ እሳቸው ባይኖሩ ሥራውን አልቀጥልም ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ዘጠናው ሲያልቅ ልጅ አራት ወር ገደማ ይሆነዋል። ሕፃን ሲወለድ ቀንና ሌሊት ለእሱ አንድ ናቸው፤ የሚለይለት የሰውነት ሰዓት ቅርጽ መያዝ የሚጀምረው ከሁለተኛው፣ ከሦስተኛው ወር ወዲህ ነው። እንግዲህ ሰዓቱ ገና መቁጠር ሲጀምር ነው እኛ ልጁን ለሌላ እጅ ሰጥተን የምንሄደው።

የግቢያችን ቀን እንዲህ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሸለብ ያደርገዋል። ከምሳ በኋላ ደህና አድርጎ መተኛት ሲገባው ከጎረቤት የቡና ጥሪ ይመጣል። ይዘውት ይሄዳሉ፤ ሰው ሲያይ ዓይኑ ይፈጣል። አሥር ሰዓት ሲሆን ይነጫነጫል፣ ይታዘላል። እትዬ ጎመን ሲቀነጥሱ፣ ግቢ ሲጠርጉ፣ እሱ ጀርባቸው ላይ ለጥ ይላል። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ከባጃጅ ወርጄ በሩን ስከፍት ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ «ቀስ! እንዳትቀሰቅሺው» ይሉኛል።

እንቅልፍ እንደ ረሃብ ነው፤ ነቅተን በቆየን መጠን ይጠራቀማል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጠግቦ የበላ ልጅ አንድ ሰዓት ላይ እራት አይበላም፤ ጠግቦ የተኛም እንደዚሁ ነው። በዚህ ዕድሜ ደግሞ የቀን እንቅልፍ ከሁለት ወደ አንድ የሚወርድበት ጊዜ ስለሆነ ያ አንዱ መቼ እንደሚውል ከምንም በላይ ይወስናል። እኩለ ቀን ላይ ቢውል ሌሊቱን አይነካም፤ ወደ ማታ ከተገፋ ግን ሌሊታችንን ይዞት ይሄዳል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ያለ ልጅ የቀኑ ተጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ11 እስከ 14 ሰዓት መተኛት አለበት። የሚተኛበትና የሚነሳበት ሰዓትም የማይለዋወጥ ይሁን ይላል። ያው መመሪያ ልጅ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ ታስሮ አይቆይ ሲል ከጋሪና ከወንበር ጋር የሰው ጀርባን በስም ይጠራል። ይህን ሳነብላቸው እትዬ ለሁለት ቀን አኮረፉኝ።

ጆዲ ሚንዴል የምትባል አሜሪካዊት የእንቅልፍ ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተመችው ጥናትም አለ። ከሰባት ወር እስከ ሦስት ዓመት ልጆች ያሏቸው 405 እናቶች ተሳትፈውበታል። አዲሱን ሥርዓት የሞከሩት እናቶች የተነገራቸው ለሁለት ሳምንት ማታ ማታ ገላውን አጥቡት፣ ቅባት ቀቡት፣ ጸጥ ያለ ነገር አድርጉ፣ ከዚያ መብራት አጥፉ ነው። ልጆቹ ቶሎ ይተኙ ጀመር፣ ሌሊት መንቃታቸው ቀነሰ፣ የእናቶቹም መንፈስ ተሻለው። ቅደም ተከተሉ ራሱ ለልጁ ቋንቋ ሆነለት ማለት ነው።

ልጅ እያለቀሰ በር ይዘጋበት አላልኩም። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ የትኛውን በር ልዝጋ? ሪቻርድ ፈርበር የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው መጽሐፉ ወላጅ እየራቀ፣ እየቆየ ይመለስ ሲል የልጅ መኝታ ቤት የሚባል ነገር እንዳለ አስቦ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ይህች ሐዋሳ ናት። ሐይቁ በዚያ፣ ክረምቱ ትቶት የሄደው ኩሬ በዚህ። ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ ያልጎበኘው ግቢ ካለ ዕድለኛ ነው። የወባ ትንኝ ከምሽት እስከ ንጋት ትናከሳለች። አጎበሩ የተዘረጋው አልጋው ላይ ነው፤ ጀርባ ላይ የሚዘረጋ አጎበር አላየሁም።

የምጠይቀው ትንሽ ነው። ሰባት ሰዓት ላይ መጋረጃው ይጋረድና አልጋው ላይ ይተኛ፤ ቡናው እኛው ግቢ ይፈላ። ከአሥር ሰዓት በኋላ ደግሞ ቢነጫነጭም አይታዘል።

እንቅልፉ ሲመጣ

በመጀመሪያ፣ አላኮረፍኩም። ጉንፋን ይዞኝ ነበር።

ሠላሳ አራት ዓመት አንደኛ ክፍል አስተምሬአለሁ፤ ስለ ደወል የሚነግረኝ ሰው አያስፈልገኝም። ደወል ሲደወል ሕፃን ልጅ ሽንቱ ይመጣበታል እንጂ ፊደሉ አይመጣለትም።

ያነበበችልኝን መመሪያ የልጅ ልጄ በስልክ አውጥታልኝ እኔም አየሁት። ምክሮቹ ሥር የተጻፈ ነገር አለ፦ ምክሩ ጠንካራ፣ የማስረጃው ጥራት በጣም ዝቅተኛ። ይህን አላነበበችልኝም። ስለ ጀርባ የሚለውም የሰፈረው ልጅ ሳይንቀሳቀስ ስለሚያሳልፈው ጊዜ በሚናገረው ክፍል ነው። ጋሪ ላይ ታስሮ ግድግዳ የሚያይ ልጅና እኔ ጀርባ ላይ ያለ ልጅ አንድ አይደሉም። የእኔው በትከሻዬ በኩል ጎመኑን ያያል፣ ዶሮዋን ያያል፣ አሳ የሚያዞረውን ልጅ ያያል፤ ከደከመው ፊቱን አዙሮ ይጨፍናል። ነቅቶ መሬት መሬት ካለ ደግሞ ሳይውል ሳያድር አወርደዋለሁ።

የ405ቱን እናቶች ጥናት ወጪ የሸፈነው ደግሞ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ነው፤ የሕፃን ሳሙናና ቅባት ይሸጥ የነበረው። ውሸት ነው አላልኩም። ግን ሳሙና ሻጭ ከፍሎበት ገላ መታጠብ ይበጃል ተብሎ ሲገኝ ፈገግ ማለት አይከለከልም። ልጅ አጥቦ፣ አሽቶ፣ እሹሩሩ ብሎ ማስተኛት ለእኛ ማንም ሳይከፍለን የኖርንበት ነው።

ቁጥር ከሆነ የሚፈለገው፣ እኔም አላጣሁም። ሞንትሪያል ውስጥ ሁንዚከርና ባር የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1986 ዘጠና ዘጠኝ እናቶችን ከጨቅሎቻቸው ጋር ለሁለት ከፍለው አዩ። ከወትሮው በላይ ታቅፈው፣ ተይዘው የዋሉት ሕፃናት በስድስተኛ ሳምንታቸው ከሌሎቹ በ43 በመቶ ያነሰ አለቀሱ። ጃፓን፣ ሪከን በሚባለው የምርምር ተቋም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 የሚያለቅስ ሕፃን አቅፎ አምስት ደቂቃ መራመድ፣ ከተኛ በኋላም ሳያወርዱት ከአምስት እስከ ስምንት ደቂቃ ይዞ መቀመጥ ይሻላል አሉ። እናቴ ይርጋለም ሳለን «ሲጨፍን አታውርጂው፣ ሲከብድሽ አውርጂው» ትለኝ ነበር። ያኔ አንቀልባው የለፋ ቆዳ ነበር፣ ዛጎል ተለጥፎበት። ልጅ ሲተኛ ክብደቱ ሲለወጥ ወገብ ያውቀዋል፤ የምትለካው በሰዓት አልነበረም።

ሰዓት ስንል ደግሞ የማን ሰዓት? ከክፍሎቼ ሦስቱን የተከራዩት ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩ ልጆች ናቸው። ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ሰፈራችን የሚተኛው በፈረቃ ነው። አንዷ ወልዳለች። የማታ ፈረቃ ሲደርሳት ልጇን የምታገኘው ጠዋት ነው፤ ታጠባዋለች፣ አቅፋው ትተኛለች፣ እሱም አብሯት ይተኛል። ለእሷ ሰባት ሰዓት ላይ መጋረጃ ጋርጂ ብዬ ልንገራት? ልጇ ወፍራም ነው፣ ሳቂታ ነው። የእንቅልፉ ሰዓት እናቱ የመጣችበት ሰዓት ነው።

መጋረጃውም ቢሆን የእኛ ነገር አይደለም። ሐዋሳ ከምድር ወገብ የምትርቀው ሰባት ዲግሪ ያህል ነው፤ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን መካከል የአንድ ሰዓት ልዩነት እንኳ የለም። ጥቁር መጋረጃ የሚያስፈልገው በበጋ ማታ አራት ሰዓት ድረስ ፀሐይ ለማትጠልቅበት አገር ሰው ነው። እኛ ዘንድ ክረምት ከበጋ አሥራ ሁለት ተኩል አካባቢ እግዚአብሔር ራሱ መብራቱን ያጠፋል። መልሰን የምናበራው እኛ ነን። ያ የተተረጎመ የቱርክ ድራማ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ በግድግዳው በኩል እሰማለሁ።

አሁን ዋናውን ልናገር። ይህ ልጅ እናቱን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል እስከ አመሻሽ አያያትም። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ትገባለች፤ ልብስ ትቀይራለች፣ እራት ትሠራለች፣ ዕቃ ታጥባለች። ሁለት ሰዓት ላይ ተኛ ከተባለ መቼ ሊያያት ነው? እኔ ጋ ሲውል ዓይኑ በር በሩን ነው። በደወለችበት ስልክ ውስጥ ድምጿን ሲሰማ ስልኩን ገልብጦ ከጀርባው ይፈልጋታል። እስከ አምስት ሰዓት የሚቆየው እንቅልፍ አጥቶ ሳይሆን እናቱን አግኝቶ ነው፤ መኪናውንም የሚነዳው እግሯ ሥር ነው። ይህን በየትኛው መመሪያ ታስተካክዪዋለሽ፣ ልጄ?

ስለ አጎበሩ ግን እውነቷን ነው። ከመሸ በኋላ አዝዬው በር ላይ መቆም ትቻለሁ።

እናት ስትመልስ

የሞንትሪያሎቹ የስድስት ሳምንት ጨቅላዎች ነበሩ፤ የተለወጠውም ልቅሷቸው እንጂ እንቅልፋቸው አይደለም። የጃፓኖቹም ከሰባት ወር አይበልጡም። የእኔው ስምንት ጥርስ አለው፣ ደረጃ ይወጣል። ስለ ፈረቃዋ ጎረቤታችን ያሉት ልብ ይነካል፤ ግን እሷ የምታደርገው ምርጫ ሳይሆን ያጣችውን መሸፈኛ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ብትሆን ኖሮ አዋጅ 1064/2010 መሥሪያ ቤቷ የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጅላት ያዝ ነበር። የእሷ ልጅ ሳቂታ መሆኑ ማቆያ አያስፈልገውም አያሰኝም፤ እሷንም ስትስቅ አይተናት አናውቅም።

ቴሌቪዥኑ ከሰኞ ጀምሮ ጠፍቷል።

«እናቱን አግኝቶ ነው» ያሉትን ግን አንብቤ ቁጭ አልኩ፣ እትዬ። ለሁለት ቀን መልስ አልነበረኝም። ስልኩን እንደሚገለብጥ አልነገሩኝም ነበር። አሁን ያለኝ መልስ ይህ ብቻ ነው፦ አምስት ሰዓት ላይ የሚያገኛት ሴት ዓይኗ የሚያየውን ጆሮዋ አይሰማውም፤ ኳስ ሲወረውርላት ደረቷን መትቶ ይወድቃል። ሁለት ሰዓት ላይ ቢተኛ ንጋት አሥራ ሁለት ላይ ይነቃል። አባቱ ሄዷል፣ ግቢው ገና ጸጥ ብሏል፣ እኔም ተኝቼ ያደርኩ ሰው ነኝ። እስከ አንድ ተኩል ያለው ጊዜ የእኔና የእሱ ይሁን። ይህን ሰዓት ሊሰጠኝ የሚችለው የእርስዎ ጀርባ ነው፤ ከአሥር ሰዓት በኋላ ባዶ ከሆነልኝ።

እትዬ ሲመልሱ

ሰኞ ጠፍቶ ነበር፣ አዎ። ማክሰኞ በርቷል። ግድግዳው ስስ ነው ብያለሁ።

የንጋቱን ነገር አላሰብኩበትም ነበር። እኔ ለጸሎት ስነሳ በመስኮታችሁ መብራት አይቼ አላውቅም፤ ሦስታችሁም ሬሳ ናችሁ። ልጁን ጠዋት የምትሰጪኝ ዓይኑን ሳይገልጥ ነው። እንዲያ ከሆነ ሰባት ሰዓት ላይ አልጋው ላይ አስተኛዋለሁ፤ ቡናውም እኔ ቤት ይፈላል። መጋረጃ ግን አልገዛም፤ ነጠላ አንጠለጥላለሁ። ሴቶቹም ሹክ አይሉልሽም፤ ሲኒ ሲኒ ነው፣ ሙቀጫም ሙቀጫ ነው፤ በዚያ ውስጥ መተኛትን ይልመድ።

አሥር ሰዓት አልሽ፤ እኔ አሥር ተኩል እላለሁ፤ ያም ካልተኛ ነው። ከተኛ እቀሰቅሰዋለሁ። በዕድሜዬ የተኛ ልጅ ቀስቅሼ አላውቅም፤ እጄ እንዴት እንደሚታዘዝልኝ አላውቅም። ሲያለቅስ ስልክ እደውልልሻለሁ። ደንበኛ ወረፋ ይዞ ቢቆምም አንሺ።