የጥሩምባ ጀግንነት

የአገራችን ሰው መናቅን አይወድም። አባቶቻችን ስለ አንዲት ክፉ ቃል ዳኛ ፊት ይቆሙ፣ ስለ አንድ ክንድ መሬት ዕድሜያቸውን ሙሉ ይሟገቱ ነበር። ይህ ጠባይ በቦታው ሲሆን ደግ ነው። መሪ በጨበጠ ሰው ላይ ሲያድር ምን እንደሚመስል ለማየት የሚሻ ግን ከ6 ኪሎ ወደ 4 ኪሎ በሚወርደው መንገድ ዳር ሩብ ሰዓት ይቁም።

አንዱ ነጂ ያለ ምልክት ይገባል። የተቀደመው «ተናቅሁ» ይልና ጥሩምባውን ይነፋል፤ ደርሶበት በመስኮት ካልሰደበውም ዕረፍት የለውም። በእግራቸው ሲሄዱ ትከሻ ለትከሻ ቢጋፉ «ይቅርታ» ተባብለው የሚያልፉ ሁለት ጨዋ ሰዎች፣ ብረት ውስጥ ሲገቡ ደመኞች ይሆናሉ። የተማረውም ሰው ከዚህ አልዳነም፤ እንዲያውም አንዳንዱ የሚብስበት ይመስለኛል።

«ዝም ካልናቸው ይለምዳሉ» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ክርክራቸው ውኃ አያነሳም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰኮንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ነጂው ተሳዳቢውን ለመገላመጥ 2 ሰኮንድ ዓይኑን ቢያነሣ፣ 33 ሜትር ያህል በጭፍን ነዳ ማለት ነው። ፍጥነቱ ከ30 ወደ 60 ሲያድግም መኪናው ይዞት የሚመጣው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ዕዳውን የሚከፍለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ባለጌው ሾፌር አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በዓለም ላይ በመንገድ አደጋ በዓመት ከሚሞተው 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው ከግማሽ የሚበልጠው እግረኛ፣ ባለብስክሌትና ባለሞተር ነው። በጠቡ ውስጥ እጁ የሌለበት ሰው ማለት ነው፤ መንገዱን በእግራችን የምናቋርጥ እኛ ተማሪዎችም ከዚያው ወገን ነን።

ስለ ሚኒባስ ነጂዎች አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎቹ ለባለንብረቱ በየቀኑ የተወሰነ ገንዘብ ማስገባት አለባቸው፤ ለልጆቻቸው የሚቀረው ከዚያ በላይ ያገኙት ነው። ስለዚህ እየተጋፋ የሚያልፈን ሰው የሚታገለው ከቀኑ ሒሳብ ጋራ ነው እንጂ ከእኛ ክብር ጋራ አይደለም። ይህ ጥፋቱን አያነጻለትም፤ የእኛን ቁጣ ግን ያበርደዋል። (አሠራሩ ይለወጥ ብሎ መጮኽ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለዚያ እኔም እጮኻለሁ።)

እንግዲህ ከኋላ ተጠግቶ የሚገፋ ቢመጣ ቀኝ ይዞ ማሳለፍ፣ ዓይን ለዓይን አለመፋጠጥ፣ ከፊተኛው መኪና ራቅ ማለት ይበቃል። ሰው ሊገድል የደረሰ እንደሆነ ታርጋውን በቃል ይዞ፣ ኋላ ቆም ብሎ ለትራፊክ ፖሊስ ማመልከት ነው። ወርዶ አንገት ለአንገት መተናነቅ ተመልካች ከመሰብሰብና መንገድ ከመዝጋት በቀር የሚፈይደው የለም።

ግን ሾፌሩን ብቻ ለምን እንወቅሳለን? ሁለት ታክሲዎች ሲሽቀዳደሙ «ንዳው! እንዳያልፍህ!» የሚል ድምፅ የሚመጣው ከኋላ ወንበር ነው፤ ባለድምፁም ብዙ ጊዜ ደብተር የያዘ ወጣት ነው። ለትምህርት ብንዘገይ መምህሩ ይቆጣን እንደሆነ ይቆጣ። ከዚያው ከኋላ ወንበር ሆነን «ሾፌር፣ ቀስ በል፤ አንቸኩልም» እንበለው።