ማሳ የሚገባ መኪና ቸርኬውም ይታይ

የመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም በሚነሳበት ወቅት ከዋጃና ከቆቦ ሜዳ ምርት የሚያወጡት አይሱዙዎችና ፒካፖች ሥራቸው አስፋልት ላይ ብቻ አይደለም። ከዋናው መንገድ ወጥተው በማሳ ዳር ይገባሉ፤ እንደ ሆርማትና ጎሊና ያሉት ወንዞች ከምዕራቡ ተራራ አምጥተው ያራገፉትን አሸዋ ይሻገራሉ። አሸዋው ሲይዛቸው ሾፌሮች የጎማ ነፋስ ይቀንሳሉ። ለባዶ መኪና ዘዴው ትክክል ነው፤ የላላ ጎማ ተንጣሎ ስለሚረግጥ አይሰምጥም። አደጋው የሚመጣው ጎማው የተገጠመበት ቸርኬ ልኩ ሳይሆን ሲቀር ነው።

ጎማን ቸርኬ ላይ የሚይዘው ብሎን አይደለም። የሚይዙት በጎማው ጠርዝ ውስጥ የታሰረው ሽቦና ጠርዙን ከቸርኬው ከንፈር ጋር የሚያጣብቀው ነፋስ ናቸው። ነፋስ ሲቀነስ ይህ ግፊት ይላላል። ቸርኬው ለጎማው ከተፈቀደው በላይ ከሰፋ የጎማው ጎን ወደ ውጭ ይወጠራል፤ መኪናው ሲጠመዘዝም ጠርዙ ከመቀመጫው በቀላሉ ይወጣል። በጣም የጠበበ ቸርኬ ደግሞ ጎማውን መሐሉ ላይ ያጎብጠዋል፤ ጎማው በጭነት ይግላል፣ ሳይቆይም ያልቃል። ስለዚህ አሸዋ ለሚገባ መኪና ከተፈቀደው ልክ ሳይወጡ ወደ ጠባቡ የሚያደላውን መምረጥ ይሻላል።

ብዙ ገዢ የሚሳሳተው በቁጥሩ ነው። 7.50-16 የሚል ጎማ 7.50 ኢንች ስፋት ያለው ቸርኬ አይፈልግም። 7.50 የጎማው የራሱ ስፋት ነው፤ የተለመደው ቸርኬው 6 ኢንች ነው። 10.00-20 የሚለው የከባድ መኪና ጎማም 7.5 ኢንች ቸርኬ ላይ ይቀመጣል። ስፋት ላይ ትንሽ ማወላወያ አለ። መጨረሻ ላይ ያለው ቁጥር፣ የቸርኬው ቁመት ማለት ነው፣ ግን ምንም ማወላወያ የለውም። በአሜሪካ ባለ 16 ጎማ በባለ 16.5 ቸርኬ ላይ በግድ ሊገጠም ሲሞከር እየፈነዳ ሰው ገድሏል፤ ልዩነቱ ግማሽ ኢንች ብቻ ነበር።

ጭነት ለማብዛት ሲባል ከኋላ መንታ ጎማ ላይ ሰፋ ያለ ጎማ የሚያስገጥሙ ባለንብረቶችም አሉ። ቸርኬው ሳይለወጥ ጎማው ብቻ ሲሰፋ ሁለቱ ጎኖች ይነካካሉ፤ ይፋተጋሉ፣ ይግላሉ። ሽንኩርት የጫነ መኪና መንገድ ላይ ጎማው ሲፈነዳ ፀሐዩ የሚበላው የገበሬውን ምርት ነው።

ከሁሉ የከፋው የጎሚስታው ጉዳይ ነው። በብዙ የጭነት መኪናዎች ቸርኬው በብረት ቀለበት የሚቆለፍ ነው። ቀለበቱ ከዛገ፣ ከጎበጠ ወይም ከሌላ ቸርኬ የመጣ ከሆነ ነፋስ በሚሞላበት ጊዜ እንደ ጥይት ይወረወራል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 በዚህ ሥራ ላይ ልዩ የደህንነት ደንብ ያወጣችው ሠራተኞች ስለሞቱ ነው። ጥንቃቄው የሚከብድ አይደለም፤ ጎማው ከመፈታቱ በፊት የነፋስ መሙያውን ቫልቭ ነቅሎ ነፋሱን ጨርሶ ማውጣት፣ ሲሞላም የብረት ቀፎ ውስጥ አስገብቶ በረጅም ቱቦ ከሩቅ መሙላት ነው። ቀፎውን የሠፈር በያጅ ይሠራዋል። ሆኖም ዛሬም ከቀለበቱ ፊት ተቀምጦ፣ አንዳንዴም በመዶሻ እየመታ ነፋስ የሚሞላ ወጣት ማየት ብርቅ አይደለም።

እዚህ ላይ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ድርሻ አላቸው። ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ የጎማውን ጥርስ ብቻ ዓይቶ ማሳለፉ አይበቃም፤ ጎማው ላይ የተጻፈው ቁጥርና ቸርኬው ላይ የተመታው ቁጥር ይነጻጸር፣ የቀለበቱም ሁኔታ ይታይ። ኅብረት ሥራ ማኅበራትና ዩኒየኖች ጎማ ሲገዙ በጨረታ ሰነዳቸው ላይ የቸርኬውን ስፋትና ዓይነት ያስገቡ፤ «ባለ 16 ጎማ» ብሎ ማዘዝ የማይሆን ጎማ መጋበዝ ነው። ጎሚስታ ቤት ፈቃድ ሲሰጥና ሲታደስም የብረት ቀፎ መኖሩ አብሮ ይጠየቅ።

አርሶ አደሩም መኪና ሲከራይ ዋጋ ብቻ አይጠይቅ። ሾፌሩ ማሳ ሲገባ የቀነሰውን ነፋስ ጭነቱ ሳይጫን መልሶ መሙላቱን ቆሞ ይይ። መሙያ ሳይዝ የመጣ መኪና ከመንገድ ዳር ይጫን፤ ሽንኩርቱ እስከዚያ በጋሪ ይውጣ።